ከ100 ግራሙ በፊት፦ ቪኔሽ ፎጋት 50 ኪሎ ውስጥ ምን ልትሠራ ገባች?

የጉለሌው

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የፓሪስ ኦሊምፒክ በተነሳ ቁጥር የሕንዷ ታጋይ ቪኔሽ ፎጋት ከ50 ኪሎው በ100 ግራም በልጣ በመገኘቷ ከፍጻሜ መባረሯ ይነሳል። እዚህም ሁለት ሦስት ጊዜ አንስተነው ግማሹ «ምስኪን!» ግማሹ «የራሷ ጥፋት ነው» ብሎ ተለያይተናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን 100 ግራሙ አይደለም። ለዓመታት 53 ኪሎ ስትታገል የኖረች ሴት 50 ውስጥ ምን ልትሠራ ገባች? የታሪኩ ሥር ያለው እዚያ ነው ባይ ነኝ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

የተወለደችው 1994 በሰሜን ሕንድ፣ ሃርያና ግዛት፣ ባላሊ የምትባል መንደር ውስጥ ነው። አባቷ የተገደለባት ገና ሕፃን ሳለች ነው። ትግል ያስተማራት አጎቷ ማሃቪር ሲንግ ፎጋት ነው፤ የገዛ ሴት ልጆቹን ጊታንና ባቢታን ከወንዶች ጋር እያታገለ ያሳደገ፣ የመንደሩ ሰው ሲያማው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሩጫ፣ ከዚያ አፈር ላይ ትግል። ፍራሽ የመጣው በኋላ ነው።

ሪዮ 2016 ላይ በ48 ኪሎ ሩብ ፍጻሜ ደርሳ ከቻይናዋ ሱን ያናን ጋር ስትታገል የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። እያለቀሰች በቃሬዛ ወጣች። በሁለተኛው ዓመት፣ ጃካርታ፣ የእስያ ጨዋታዎች። በመጀመሪያው ዙር ማን ደረሳት? ያቺው ሱን ያናን። 8 ለ 2 አሸነፈቻት። በፍጻሜው ደግሞ ጃፓናዊቷን ዩኪ ኢሪየን 6 ለ 2 ረትታ በእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሕንዳዊት ሴት ታጋይ ሆነች። ይህ በ50 ኪሎ ነበር። 48 የሚባለው ምድብ በዚያ ዓመት ቀርቶ 50 ተተክቶበታል።

በ2019 ወደ 53 ከፍ አለች። ኑር ሱልጣን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በጃፓኗ ማዩ ሙካይዳ ተሸነፈች፤ በማካካሻው ዙር (የተሸነፉት ለነሐስ በሚታገሉበት) ግን አሜሪካዊቷን ሣራ ሂልደብራንትን 8 ለ 2 ጥላ ለቶኪዮ ቦታዋን ያዘች፤ ነሐስም ጨመረች። የሂልደብራንትን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቶኪዮ አንደኛ ተመዳቢ ሆና ሄደች። ሩብ ፍጻሜ ላይ የቤላሩሷ ቫኔሳ ካላድዚንስካያ ትከሻዋን መሬት አስነክታ አሰናበተቻት። አገሯ ስትገባ ፌዴሬሽኑ «ሥነ ሥርዓት ጥሰሻል» ብሎ አገዳት። ከዚያ በኋላ የጻፈችውን ያነበበ ሰው ትግል ልትተው ጫፍ ደርሳ እንደነበር ያውቃል። ሆኖም 2022 ቤልግሬድ ላይ ገና በመጀመሪያው ግጥሚያ ወድቃ፣ በማካካሻ ተመልሳ፣ ሁለተኛ የዓለም ነሐሷን ይዛ ወጣች። ሁለት የዓለም ሜዳሊያ ያላት ሕንዳዊት ሴት ከእሷ በፊት አልነበረችም።

ከ2019 እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ በ53 ነው። አሁን 2023ን ተመልከቱ። የዓመቱን ግማሽ ኒው ዴልሂ አደባባይ ላይ በተቃውሞ አሳለፈች (እሱን ሌላ ሰው ቢተነትነው ይሻላል)። ኦገስት ላይ ልምምድ ስትሠራ የግራ ጉልበቷ ጅማት ተጎዳ፤ ሙምባይ ቀዶ ጥገና። በቀጣዩ ወር የዓለም ሻምፒዮና ነበር። አንቲም ፓንጋል የምትባል የ19 ዓመት ልጅ በ53 ነሐስ አግኝታ ለሕንድ የኦሊምፒኩን ቦታ አስያዘች። በአንድ ኪሎ ከአንድ አገር አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ከ53 በላይ ያለው የኦሊምፒክ ምድብ 57 ነው፤ ከበታች 50። ምርጫዋ ይህ ብቻ ነበር።

በማርች 2024 ፓቲያላ በተደረገው ማጣሪያ በአንድ ቀን በሁለቱም ኪሎ ታገለች። በ53 ከግማሽ ፍጻሜ አላለፈችም፣ 10 ለ 0። በ50 አሸነፈች። በኤፕሪል ቢሽኬክ ሄዳ የኦሊምፒክ ቦታ አገኘች። ከቀዶ ጥገናው አንድ ዓመት ሳይሞላ ፓሪስ ገባች።

እንግዲህ 100 ግራሙ ኦገስት 7 ጠዋት ተመዘነ እንጂ የተጠራቀመው ከዓመት በፊት ጀምሮ ነው።

---

ዱባይ_ነኝ

እኔ የምሠራበት ቦታ ከግማሽ በላይ ሕንዶች ናቸው። ክሪኬት እንጂ ትግል ሲያዩ አይቼ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ግን ቪኔሽ ጃፓናዊቷን ሱሳኪን ስታሸንፍ ሱፐርቫይዘራችን ሳይቀር ስልክ ይዞ ቆመ። ማታ ግማሽ ፍጻሜውን ስታሸንፍ ካምፑ ውስጥ ጣፋጭ ታደለ፤ ለእኔም ደረሰኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ዜናው ሲመጣ ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲሠራ ዋለ። አንዱ የሃርያና ልጅ «ሴራ ነው» ብሎ ድርቅ አለ፤ የኬረላው ደግሞ «ሚዛን ሴራ አያውቅም» አለው። ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም።

---

ሕግ_ይከበር

የኬረላው ሰውዬ ትክክል ነው። ወንድም የጉለሌው፣ አጻጻፍህ ያምራል፤ ግን ያስቀረኸው ነገር አለ።

በ2016 ከሪዮ በፊት ሞንጎሊያ ኡላንባታር በተደረገው ማጣሪያ ይህቺው ቪኔሽ 400 ግራም በልጣ ተባራለች! ከዚያ ኢስታንቡል ሄዳ አሸንፋ ነው ለሪዮ ያለፈችው። ስለዚህ ሚዛን ለእሷ እንግዳ አልነበረም።

ፓሪስ ላይ በዚያው 50 ኪሎ ኢጣሊያዊቷ ኤማኑኤላ ሊውዚ በመጀመሪያው ቀን ሚዛን አልፋ ተሰናብታለች። ስለ እሷ ማን አለቀሰ? የገዛ አገሯ ልጅ አማን ሴህራዋት በ57 ኪሎ ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ በአንድ ሌሊት 4.6 ኪሎ ገደማ አውርዶ በማግስቱ ነሐስ ወሰደ። ከ2018 ጀምሮ በሁለቱም ቀን ጠዋት እንደሚመዘን ሁሉም ያውቃል። ሕጉ የወጣውም ሰው ራሱን እንዳይጎዳ ነው። አንዴ 100 ግራም ካለፍክ ነገ 500 ነው።

---

የጉለሌው

@ሕግ_ይከበር የኡላንባታሩን ስላነሳህ ደግ አደረግህ። ሕጉ ይሻር አላልኩም። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱም ኦገስት 14 ይግባኟን ውድቅ አድርጓል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

የእኔ ነጥብ ጊዜ ነው። ሂልደብራንትን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። በ2019 በ53 ኪሎ ቪኔሽ 8 ለ 2 ያሸነፈቻት ሴት ከዚያ በኋላ ወደ 50 ወረደች። በ2021 ቶኪዮ ላይ በ50 ነሐስ አገኘች፤ ፓሪስ ስትደርስ በዚያ ኪሎ ዓመታት ኖራበታለች። መቼ እንደምትበላ፣ ከግጥሚያ በኋላ ስንት እንደምትጨምር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወርድላት ሰውነቷ አውቆታል። የፍጻሜውን ወርቅ የወሰደችውም እሷ ናት።

ቪኔሽስ? ከጉልበት ቀዶ ጥገና ተነስታ፣ በወራት ውስጥ፣ 53 ላይ የጠነከረ ሰውነት ይዛ። «በ2018 50 ነበረች» የሚል ካለ፣ ያኔ የ23 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ፓሪስ ላይ 30 ልትደፍን ሳምንታት ቀርተዋታል።

---

የድሮ_ቦክሰኛ

ስለ ኪሎ ማውረድ የምታወሩት ብዙዎቻችሁ አውርዳችሁ የምታውቁ አይመስለኝም 😄 እኔ አዲስ አበባ ክለብ ውስጥ ቦክስ እጫወት በነበረበት ዘመን ላስቲክ ለብሰን፣ በላዩ ቱታ ደርበን ነበር የምንሮጠው። ስቲም ለመግባት ገንዘብ አልነበረንም። ስለዚህ ስለዚያች ሌሊት ትንሽ ልበል።

በመጨረሻው ቀን የሚወርደው ስብ አይደለም፣ ውኃ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 49.9 ሆና አለፈች። ከዚያ በአንድ ቀን ሦስት ግጥሚያ አለባት። ካልበላችና ካልጠጣች ፍራሹ ላይ ትወድቃለች፤ ከበላች ይጨምራል። የቡድኑ ሐኪም እንዳለው በተለምዶ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው የምትጨምረው። በዚያን ማታ ግን 2.7 ኪሎ በልጣ ተገኘች። ለምን በለኝ፤ የደረቀ ሰውነት ውኃ ሲያገኝ አንቆ ይይዘዋል፣ በፊት ያስለመድከው ልክ አይሠራም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሀንጋሪያዊው አሰልጣኟ ቮለር አኮሽ ጽፎት ነበር፤ ቆይቶ አጠፋው። ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሠርታ ገና ኪሎ ተኩል ቀራት። 50 ደቂቃ ሳውና ገብታ አንዲት ጠብታ ላብ አልወጣትም። ይህቺን መስመር ደግማችሁ አንብቡ። ላብ እምቢ ሲል ነገሩ አልቋል፤ ሰውነት የቀረችውን ውኃ ለልብና ለኩላሊት ቆልፎባታል፣ የተጨመቀ ሎሚ ቢረገጥ ምን ይወጣዋል? ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት (በፈረንጅ ሰዓት 5:30) በማሽን ላይ አሠሯት። ስትወድቅ ያነሷታል፣ ትቀጥላለች። ፀጉሯን ቆረጡ። አሰልጣኙ ልትሞት ትችላለች ብሎ እስከመስጋት ደርሶ ነበር።

100 ግራም አንድ ሲኒ ቡና ናት የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል።

አማን ወንድ ነው፣ ወጣት ነው፣ ከ61 በላይ ስለደረሰ የሚወጣ ውኃ ነበረው። አይወዳደርም።

---

ሕግ_ይከበር

@የድሮ_ቦክሰኛ ይህን ሁሉ ብለህ ሕጉን እያጸደቅህልኝ ነው እኮ። በሁለተኛው ቀን ሚዛን ባይኖር ኖሮ ሁሉም እንዲህ እየሆነ ኪሎ ያወርድ ነበር።

---

የድሮ_ቦክሰኛ

አሁንም ያወርዳሉ! በፊት ማታ ተመዝነህ በማግስቱ በአንድ ቀን ትጨርስ ነበር፤ አሁን ሁለቴ ትደርቃለህ። ሰው ወደ ላይኛው ኪሎ ይወጣል ብለው ነው ሕጉን ያወጡት። በዓለም ሻምፒዮና ላይ አሥር ምድብ አለ፤ ኦሊምፒክ ላይ ለሴት ስድስት፦ 50፣ 53፣ 57፣ 62፣ 68፣ 76። በመሐል ያለ ሰው የት ይሂድ?

---

እመቤት_ሚኒሶታ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኦሊምፒክ ብዙም አላውቅም፤ ግን ይህን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ እዚህ ሃይስኩል ትታገላለች። አሰልጣኟ አንድ ክፍል ዝቅ ብትዪ ይሻልሻል አላት መሰለኝ፤ ሰሞኑን እንጀራ አልበላም ማለት ጀምራለች። እኔ ሞኟ ጾም ያዘች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር 🙈 አባቷ ተያት ይላል። እኔ ምን ልበላት? ስፖርቱን ትወደዋለች፣ ላስተዋት አልፈልግም።

---

ፊዚዮ_ቨርጂኒያ

@እመቤት_ሚኒሶታ እህቴ፣ መጀመሪያ አይደንግጡ። በአሜሪካ ሃይስኩል ያለው ሥርዓት ከኦሊምፒኩ የተለየ ነው፤ የልጅዎን ጤንነት የሚጠብቅ ሕግ አለ፣ ግን ወላጅ ካልጠየቀ የሚነግረው የለም።

የውድድር ዘመኑ ሲጀምር ልጆቹ ይለካሉ። በቅድሚያ ሽንት ይመረመራል፤ ሰውነቷ በቂ ውኃ ከሌለው ልኬቱ አይቀጥልም። ቀጥሎ የሰውነት ስብ ይለካል። ለሴት ልጅ ከ12 በመቶ፣ ለወንድ ከ7 በመቶ ስብ በታች በሚያወርድ ኪሎ መታገል አይፈቀድም። በሳምንት ደግሞ ከሰውነቷ ክብደት ከ1.5 በመቶ በላይ መቀነስ አይቻልም። ልጅዎ 60 ኪሎ ከሆነች በሳምንት 900 ግራም ማለት ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ሳውና፣ ላስቲክ ልብስ፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ክልክል ነው።

ይህ ሕግ ዝም ብሎ አልመጣም። በ1997 መጨረሻ፣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ፣ ሦስት የአሜሪካ ኮሌጅ ታጋዮች ኪሎ ሲያወርዱ ሞተዋል። ኮሌጆቹ ሕጋቸውን ወዲያው ቀየሩ፤ ሃይስኩሎቹም ተከተሉ።

የልጅዎ ዝቅተኛ ኪሎና ሳምንታዊ መርሐ ግብሯ ተጽፎ ተቀምጧል። አሰልጣኙን «ወረቀቱን አሳየኝ» ይበሉት። እምቢ ካለ ነው መደንገጥ። እንጀራው ላይ ችግር የለም፤ ከጨው ይልቅ እንጀራን የምትፈራ ከሆነ ግን አንድ ሰው የተሳሳተ ምክር ሰጥቷታል።

---

ሸዋ_በር

የጉለሌው «ሌላ ሰው ቢተነትነው» ያልከውን እኔ ልሞክር፤ ያለ እሱ ታሪኩ ጎዶሎ ነው።

ጃኑዋሪ 2023 ቪኔሽ፣ የሪዮዋ ነሐስ ባለቤት ሳክሺ ማሊክና የቶኪዮው ባጅራንግ ፑኒያ ዴልሂ ጃንታር ማንታር ላይ ተቀመጡ። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ብሪጅ ቡሻን ሻራን ሲንግ በሴት ታጋዮች ላይ ጾታዊ ትንኮሳ ፈጽሟል የሚል ክስ ይዘው ነው። ሰውየው የገዢው ፓርቲ የፓርላማ አባል ነበር፤ ክሱን ያስተባብላል። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ተበተኑ፤ ውጤት ሲጠፋ ኤፕሪል ላይ ተመልሰው አስፋልቱ ላይ አደሩ። ሜይ 28 ወደ አዲሱ ፓርላማ ሊሄዱ ሲሉ ፖሊስ እየጎተተ አፈሳቸው፤ ፎቶውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ኋላ ላይ ፖሊስ ራሱ በሰውየው ላይ ክስ መሠረተ።

አሁን በስፖርተኛ ዓይን እዩት። ለኦሊምፒክ ማጣሪያ በሚዘጋጁበት ዓመት፣ አደባባይ ላይ ተኝተው፣ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ልምምድ እየሠሩ። ፍራሽ የለ፣ የልምምድ አጋር የለ፣ ምግቡም እንደነገሩ። ቆይቶ ሲመለሱ ጉልበት ተጎዳ ቢባል ይገርማል? (ተገናኘ አልልም፣ ግን ይገርማል?) በዚያው ኦገስት ዓለም አቀፉ የትግል ማኅበር የሕንድን ፌዴሬሽን ምርጫ በጊዜው አላካሄድክም ብሎ አገደው። ማጣሪያ መቼ፣ በማን፣ በየትኛው ኪሎ እንደሚደረግ ማንም በማያውቅበት ሁኔታ ነው ልጅቷ ኪሎ የመረጠችው።

---

ሕግ_ይከበር

ይህን ክፍል አልቃወምም። ለተቃውሞው ክብር አለኝ። ግን አንቲም ፓንጋል ምን አጠፋች? ልጅቷ ሄዳ ታግላ ነው ቦታውን ያመጣችው።

---

የጉለሌው

ምንም አላጠፋችም። ፌዴሬሽኖች ግልጽ አሠራር ሲያጡ ሁልጊዜ ሁለት ስፖርተኞች እርስ በርስ እንዲተያዩ ይደረጋል፤ ያንን ነው የምጠላው።

---

ኮተቤ_ሯጭ

ቀነኒሳን አስታወሳችሁኝ። ለቶኪዮ ማራቶን ሰበታ ላይ 35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ሩጥ ሲባል ጊዜው ለኦሊምፒኩ ቅርብ ነው ብሎ ሳይሮጥ ቀረ፤ ከቡድኑም ወጣ።

---

ሕግ_ይከበር

እሱ ሌላ ነው ኮተቤ። ቀነኒሳ ማጣሪያውን አልሮጠም፤ ቪኔሽ በአንድ ቀን ሁለት ማጣሪያ ታገለች። እንዲያውም ለዚህ እኔ ራሴ ባርኔጣ አነሳላታለሁ።

---

ዱባይ_ነኝ

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ግማሽ ፍጻሜ ላይ 5 ለ 0 የተሸነፈችው ኩባዊት እንዴት ፍጻሜ ገባች?

---

የጉለሌው

ሕጉ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያውም ሆነ በሁለተኛው ሚዛን የወደቀ ሰው ከውድድሩ ይወጣል፣ ደረጃም አያገኝም፣ ከመጨረሻው ሰው በታች ይመደባል። በእሷ የተሸነፈችው ዩስኔይሊስ ጉዝማን ተተካች፤ በሂልደብራንት 3 ለ 0 ተሸንፋ ብር ወሰደች። ቪኔሽ ለፍርድ ቤቱ የጠየቀችው ብሩን ከጉዝማን ጋር እንድትጋራ ነበር፤ ማለትም «በመጀመሪያው ቀን ሚዛኔ ትክክል ነበር፣ ያሸነፍኩት አሸናፊነት ነው»። አልተቀበሏትም። ውሳኔው ሳይመጣ፣ ኦገስት 8፣ ትግል ማቆሟን አስታወቀች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ከጁላና ተመርጣ የሃርያና ምክር ቤት ገባች።

እኔ የሚቆጨኝ ደግሞ የሱሳኪ ግጥሚያ መረሳቱ ነው። ዩዪ ሱሳኪ ማለት እስከዚያ ቀን በዓለም አቀፍ ውድድር 82 ጊዜ ታግላ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈች፣ ቶኪዮ ላይ አንዲት ነጥብ ሳይቆጠርባት ወርቅ የወሰደች ሴት ናት። ቪኔሽ በመጀመሪያው ዙር ደረሰቻት። ዕጣ ሲወጣ «በቃ፣ ወደ ቤት» ያላለ የለም።

---

እመቤት_ሚኒሶታ

@ፊዚዮ_ቨርጂኒያ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አሳይቶኛል፤ አሰልጣኙ ደህና ሰው ነው። ዝቅ በዪ ያላት እሱ ሳይሆን የቡድኗ ልጆች ናቸው። አሁን ባለችበት ትቆያለች፤ ትናንት ማታ ሽሮ በልታለች።

ይህን ውይይት ሳነብላት ግጥሚያውን ማየት ፈለገች። ምን ላይ ታተኩር?

---

የድሮ_ቦክሰኛ

ለትግል እንግዳ ነኝ፤ የጉለሌው ይመልስ።

---

የጉለሌው

የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች ሁሉም ያሳያታል፤ እሷ ከመጀመሪያው ትይ። ግጥሚያው ሁለት ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ቪኔሽ አታጠቃም። ዳኛው ስለ መቆሟ ያስጠነቅቃታል፤ 30 ሰከንድ ይሰጣታል፤ ነጥብ ሳታገኝ ስትቀር ለሱሳኪ 1 ይቆጠራል። በሁለተኛው ዙርም ይደገማል፣ 2 ለ 0። ብዙ ሰው እየተሸነፈች ነው ብሎ ቴሌቪዥኑን የዘጋው እዚህ ጋ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው፦ እነዚያን ሁለት ነጥቦች ከፍላ የሱሳኪን ጥቃት ገዛችው። ያቺ ሴት እግር ከያዘች አትለቅም፣ መሬት ላይ ጠቅልላ ትጨርስሻለች። ስለዚህ እግሯን አልሰጠቻትም። እጇ የት እንዳለ፣ ግንባሯ የት እንደሚቀመጥ፣ ሱሳኪ ዝቅ ስትል ዳሌዋን እንዴት ወደኋላ እንደምትወስድ ልጅሽ ትቁጠር።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ሱሳኪን ጣለቻት፣ 2 ነጥብ። ጃፓኖች አቤቱታ አቀረቡ፤ ውድቅ ሲሆን 1 ተጨመረባቸው። 3 ለ 2።

ከዚያ የዩክሬኗን ኦክሳና ሊቫችን 7 ለ 5 ትይ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ግጥሚያ ነው፣ ድካሙ መታየት ይጀምራል። ጥያቄ ካላት እዚሁ ትጻፍ።